እናቴ እንግሊዝኛ ሳትሰማ የምትወዳቸው የገና የፍቅር ፊልሞች፦ የትኞቹን ላሳያት?

የደብረ ብርሃን ልጅ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

እናቴ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ጋ ናት። እስከ የካቲት ትቆያለች። ቀን እኔ ሥራ ነኝ፤ እሷ ዩቲዩብ ላይ ስብከትና መዝሙር ስታዳምጥ ትውላለች። ማታ ስገባ ቡና ይፈላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የሁለታችን ነው። በዚያ ሰዓት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆልማርክ ቻናል በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የሚመጡትን የገና የፍቅር ፊልሞች።

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቧ ሆኜ እተረጉምላት ነበር። ብዙም ሳንቆይ «ተይው፣ ገብቶኛል» አለችኝ። እውነትም ገብቷታል። ልጅቷ ሊጥ ስታቦካ ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ሊያግዛት ሲመጣ «ይኸው፣ ባሏ መጣ» ትላለች። ከትልቅ ከተማ የመጣው እጮኛ ሲታይ ደግሞ «ይኼስ አይሆናትም፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም።

እንደኔ እነዚህ ፊልሞች የሚወደዱት ለዚሁ ነው። መጨረሻው ስለሚታወቅ ሰው አይጨነቅም። ሳይጨነቅ ሰውን ያያል። ማን ቀድሞ አየ፣ ማን ወንበር ሳበላት፣ ማን ዝም ብሎ አዳመጣት፣ ይኼን ሁሉ ረጋ ብሎ ያያል። በልጅነቴ እናቴ ተረት ስትነግረኝ መጨረሻውን አውቀው ነበር፤ ድገሚልኝ ብዬ የምለምናት ግን እሱኑ ነበር። ስለዚህ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚል መልስ እባካችሁ አትጻፉልኝ። አንድ ዓይነት መሆኑን እንወደዋለን።

ሁለት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

አንደኛ፣ ወሬ ያልበዛበት፣ በዓይን ብቻ የሚገባ ፊልም ጠቁሙኝ። አንዳንዱ ላይ ስለ ኩባንያ፣ ስለ ውል፣ ስለ ሕንፃ ሽያጭ ሲያወሩ ግማሹ ያልቃል። እዚያ ላይ እናቴን እንቅልፍ ይወስዳታል። የምትወደው ሰዎች አብረው ሲሠሩ ማየት ነው። ዛፍ ሲያስጌጡ፣ ሲጋግሩ፣ አጥር ሲጠግኑ፣ ፈረስ ሲያበሉ።

ሁለተኛውን ያነሳችው እሷ ናት። አንድ ማታ ድንገት «ይኼ ብርድ አይደለም» አለችኝ። ምነው ስላት፣ «ሲያወሩ ከአፋቸው እንፋሎት አይወጣም» አለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆናል። ልጆች ሆነን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በአፋችን «እናጨስ» ነበር። ስለ ብርድ እናቴን ማንም አያታልላትም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ኩባያውም ባዶ ነው» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። ትኩስ ነገር የያዘ እጅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ እኔም ባዶነቱ ይታየኛል።

የት ነው የሚቀረጹት? መቼ? የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረን። ማታ ማታ ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት የለኝም።

(ጾሙስ ለምትሉኝ፦ አዎ፣ የነቢያት ጾምን ከኅዳር 15 ጀምሮ እየጾመች ነው። ፊልሙ ላይ በየደቂቃው ቅቤ የበዛበት ብስኩት ይበላል። «ለእነሱ ፍስክ ነው» ብላ ታልፈዋለች።)

ከቫንኩቨር

እህቴ፣ እማማ ልክ ናቸው። በሁለቱም።

እኔ እዚህ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ፊልም ቀረጻ ላይ እሠራለሁ። የእኛ ክፍል ሥራው የሚቀረጸውን ቤት፣ ሱቅና መንገድ ማሰናዳት ነው። የገናውን ዛፍ የምናቆመው፣ መብራቱን የምንሰቅለው፣ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉንም አውርደን በካርቶን የምናሽገው እኛ ነን። ሥራዬን እወደዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትዘኑብኝ።

ታሪኩ አሜሪካ ውስጥ፣ ቨርሞንት ወይም ሞንታና ነው ይባላል። ሰዎቹ የቆሙት ግን ብዙ ጊዜ ካናዳ ውስጥ ነው። እዚህ እኛ ጋ ፎርት ላንግሊ፣ ስኳሚሽና ሌሎች ትንንሽ ከተሞች ናቸው። ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ ኦታዋ አጠገብ አልሞንት የምትባል ከተማ አለች። ድሮ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎች የነበሩባት፣ በድንጋይ የተሠሩ ሕንፃዎች ያሏት ውብ ከተማ ናት። የቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝም የተወለደው እዚያው አካባቢ ነው። መሐል መንገዷን አንዴ ካወቃችኋት በሌላ ስም በሌላ ፊልም ላይ ደጋግማችሁ ታገኟታላችሁ።

ካናዳ የሆነበት ምክንያት ገንዘብ ነው። የፌዴራሉም የክፍለ ሀገሩም መንግሥት ፊልም ሠሪው ለአገሩ ሠራተኛ ከከፈለው ደመወዝ የተወሰነውን በግብር በኩል ይመልስለታል። የካናዳ ዶላርም ከአሜሪካው ይረክሳል። ዋናዋ ተዋናይት አሜሪካዊት ሆና አክስቷ፣ ከንቲባው፣ ዳቦ ጋጋሪውና ፖስተኛው ካናዳውያን የሚሆኑት ለዚህ ነው። እማማ «ይህችን ሴት አውቃታለሁ» ካሉ እመኛቸው። ያቺው አክስት ናት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የገና ፊልም ዓመቱን ሙሉ ይቀረጻል። ብዙው ግን ሰመር ላይ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። ጥቅምት ላይ መታየት ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ቀረጻው ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። 15 የሥራ ቀን የተለመደ ነው። ለሲኒማ ቤት የሚሠራ ትልቅ ፊልም ወራት በሚፈጅበት ሙያ ይኼ በጣም አጭር ጊዜ ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት የነበረውን ክፍል ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ቢሮ አድርገን እናውቃለን።

በረዶውን ልንገርሽ። አንድ ዓይነት አይደለም። ራቅ ብሎ የሚታየው መሬትና ጣሪያ ላይ ነጭ የፖሊስተር ንጣፍ እንዘረጋለን። ቀረብ ያለው ላይ ከወረቀት የተፈጨ በረዶ በቱቦ ይነፋል። ተዋናዮቹ የሚረግጡት ቦታ ላይ የጫማ ዱካና የኮሽታ ድምፅ ካስፈለገ እውነተኛ የተፈጨ በረዶ በመኪና መጥቶ ይደፋል፤ ፀሐይ ሳትቀድመን ቶሎ መቅረጽ ነው። ከላይ የሚወርደው ደግሞ አረፋ ነው፤ ማሽን ይተፋዋል። ፀጉር ላይ ሲያርፍ ያምራል። ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን ያቃጥላል። ከሁሉም የሚከብደው ማጽዳቱ ነው። የተበደርነው የሰው ግቢ ነው። ከሣር መሐል ወረቀት ስንለቅም የምናመሸው እኛ ነን።

ዛፎቹን አስተውሉ። ይህ አገር ጥድ ሞልቶታል፤ እሱ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ስለሆነ ያድነናል። ቅጠሉ የሚረግፍ ዛፍ መንገዱ ላይ ካለ ግን ካሜራው ዞር ይልለታል፤ ካልሆነም በመብራት እንሸፍነዋለን። እማማ የምስሉን ጥግ ጥግ ቢያዩ የሐምሌ ቅጠል ያገኛሉ።

አሁን ወደ እንፋሎቱ። በ28 ዲግሪ ሙቀት ከሰው አፍ እንፋሎት አይወጣም። በኮምፒዩተር መጨመር ይቻላል። ግን ገንዘብም ጊዜም ስለሚፈጅ ብዙ ጊዜ ይተዋል። ተዋናዮቹ በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮት፣ ሻርፕና ጓንት ለብሰው ነው የሚቆሙት። ቀረጻው ለአፍታ ሲቆም ኮቱን የሚያወልቅላቸው፣ ማራገቢያ የሚይዝላቸው፣ ላባቸውን የሚያደርቅላቸው ሰው ይሮጣል። ከዚያ ኮቱን መልሰው ይለብሱና ትከሻቸውን ሰብስበው እጃቸውን እያፋተጉ «በረደኝ» ይላሉ። ሰዎች እነዚህን ተዋናዮች ይንቋቸዋል። እኔ ቆሜ ስላየሁ አልንቅም። በላብ ተጠምቆ ብርድን ማሳየት ትልቅ ችሎታ ነው።

ሌሊቱም ፈተና ነው። እዚህ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ሌሊቱ አጭር ነው። ውጭ የሚታየው የገና ዋዜማ እኩለ ሌሊት ሆኖት ነው የሚቀረጸው። ቤት ውስጥ የሚታየው ማታ ግን ብዙ ጊዜ ቀን ነው። መስኮቱን በውጭ በኩል በጥቁር ጨርቅ እንጋርደዋለን።

ኩባያው ባዶ የሆነው ልብስ እንዳይበላሽ ነው። ኮቱ ላይ ቢፈስበት ሌላ ትርፍ ላይኖር ይችላል። ደግሞ አንድ ንግግር ደጋግሞ ሲቀረጽ የመጠጡ መጠን በየምስሉ እኩል መሆን አለበት። ባዶ ሲሆን ይኼ ሁሉ ጣጣ የለም። እኔ ግን እንደ እማማ ነኝ። ውሃ ቢሞላበት ይሻላል ባይ ነኝ። ክብደት ሲኖረው እጅ ራሱ ይታዘዛል። የሚሰማኝ ዳይሬክተር ሲገኝ እሞላዋለሁ።

የመጨረሻው ነገር፣ እማማ ያለ ቋንቋ የሚገባቸው በከንቱ አይደለም። የዚህ ዓይነት ፊልም ስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ክፍል አለው። በሁለት ሰዓት የአየር ጊዜ ውስጥ ፊልሙ ራሱ 84 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የቀረው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት ተመልካቹን የሚይዝ አንድ ነገር መፈጠር አለበት። ደብዳቤ ይገኛል፤ የድሮው እጮኛ በሩ ላይ ይቆማል፤ ሊሳሳሙ ሲሉ ስልክ ይጮኻል። መሳሳሙ ለመጨረሻው ደቂቃ ይቀመጣል። እና ማስታወቂያ ሊገባ ሲል ያለውን ፊት ብቻ ያየ ሰው ታሪኩ አያመልጠውም።

አስታማሚዋ (ሚኒሶታ)

ሰላም እህቴ። እናትሽን ሳሚልኝ።

እኔ አዛውንት እየረዳሁ ነው የምኖረው። አሁን የምረዳቸው ሴትዮ ቤት ከጥቅምት ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ከዚያ ቻናል አይነሳም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ብጠየቅ አላፍርም።

ለእናትሽ የምመርጥላት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን «ዘ ክሪስማስ ካርድ» የሚባለውን ነው። አፍጋኒስታን ያለ አንድ ወታደር ከማያውቃት ሴት የገና ካርድ ይደርሰዋል። ካርዱን በልብሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ፈቃድ ሲያገኝ ካርዱ ወደመጣባት ከተማ ይሄዳል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኔቫዳ ሲቲ ናት። የልጅቷ ቤተሰብ የእንጨት መሰንጠቂያ አለው። እዚያ ሥራ ይሰጡታል። ስለ ካርዱ ግን ትንፍሽ አይልም። ፊልሙን የያዘው ያ ዝምታው ነው። እንጨት ይሸከማል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ቤተ ክርስቲያን አብሯቸው ይሄዳል። አባትየውን የሚሠራው ኤድ አዝነር ነው። ለዚያ ሥራው ለኤሚ ሽልማት ታጭቷል። ለእንዲህ ያለ ፊልም ተዋናይ ይኼ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አባትየውና ወታደሩ ሲቀመጡ ማየት ብቻ ይበቃል። እኔ እንባዬን የማልቆጣጠረው እዚያ ላይ ነው።

ካርድ መሆኑም ያምርበታል። ሆልማርክ እኮ ከቴሌቪዥን በፊት የካርድ ድርጅት ነው። ጆይስ ሆል የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በ1910 ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ ፖስትካርድ ይዞ ካንሳስ ሲቲ ገባ። እዚያ ነው የተጀመረው። የምረዳቸው ሴትዮ የነገሩኝ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። በ1951 በገና ዋዜማ ሆልማርክ ያቀረበው የመጀመሪያው ትልቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ስለ ሰብአ ሰገል የተደረሰ ኦፔራ ነው። ነገሥታቱ ኮከቡን ተከትለው ሲሄዱ በምርኩዝ የሚራመድ ድሃ ልጅ ቤት ያርፋሉ። ልጁ ለሚወለደው ሕፃን የሚሰጠው ስለሌለው ምርኩዙን ይሰጣል። ያኔ ይድናል። ሴትዮዋ ልጅ ሆነው በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አይተውታል። እስካሁን ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት፤ ትወደዋለች።

ገና እስኪደርስ ቀን እየቆጠሩ የገና ፊልም ማሳየታቸው ግን ከ2009 ወዲህ የመጣ ነው። በአንዳንዱ ዓመት ወደ 40 የሚጠጉ አዲስ ፊልሞች ያወጣሉ። ሁሉም ጥሩ ነው አልልሽም። ፈረስ፣ ዳቦ ቤት ወይም የድሮ ሆቴል ያለበትን ምረጪ። የማስታወቂያ ድርጅት ያለበትን ተይ። ወሬው እዚያ ነው የሚበዛው።

ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

እኔም እወዳቸዋለሁ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ በፍላሽ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ነው የምናያቸው። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይቆጨኛል፤ እናንተ ብዙ ስለምታውቁ ልጠይቃችሁ።

ለምንድነው ሁሌ ሴቷ ሥራዋን የምትተወው? ኒው ዮርክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የደረሰች ሴት ለጥቂት ቀን ወደ ተወለደችበት ከተማ ትመጣለች። እዚያ ሸሚዙ ባለ መስመር የሆነ አናጺ ታገኛለች። በመጨረሻ ሥራውን፣ ቤቷን፣ የደከመችበትን ሁሉ ትታ ትቀራለች። እኔ ከትንሽ ከተማ ነው የወጣሁት። ከተማዬን እወዳታለሁ። ግን ሥራ የላትም። እናቴ ሌሊት ተነስታ የጸለየችው ተምሬ እንድወጣ ነው። ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ለታናናሾቼም ተርፌያለሁ። ፊልሙ ልጅቷ ለምን ከዚያ ከተማ እንደወጣች አንድም ቀን አይናገርም። ትልቅ ከተማ ልብን የሚያደርቅ ቦታ ተደርጎ ይታያል። ለእኔ ግን መኖሬን ያገኘሁበት ነው።

ሌላው፣ ለረጅም ጊዜ ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ነጮች ነበሩ። ጥቁሯ ሴት ብትኖር ጓደኛ ናት፤ ምክር ሰጥታ ትወጣለች። አሁን እየተለወጠ መሆኑን አያለሁ። ታሜራ ማውሪ ዋናዋ ሆና ስትሠራ ሳይ ደስ ብሎኛል። ሆሊ ሮቢንሰን ፒትም አለች። ይብዛልን።

ለእናትሽ እኔ የምጠቁመው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን የልዑሉን ታሪክ ነው፤ «ኤ ክሪስማስ ፕሪንስ»። አገሩ አልዶቪያ ይባላል፤ የፈጠራ ነው። ቤተ መንግሥቱ ግን እውነተኛ ነው። ሩማንያ ውስጥ ሲናያ የሚገኘው ፔሌሽ ነው፤ ንጉሥ ካሮል ቀዳማዊ ያሠራው። ዘውድ፣ ግብር፣ ፈረስ፣ ትንሽ ልዕልት፣ ተንኮለኛ ዘመድ፣ ሁሉም አለ። ስለ አልጋ ወራሽ ለእናቶቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ቨርጂኒያ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። የቫንኩቨሩ ወንድሜ፣ የጻፍከውን ቃል በቃል አነበብኩላት። «በሐምሌ ኮት?» ብላ ደነገጠች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ተዋናዮቹን ታዝንላቸዋለች። ኮት በለበሱ ቁጥር «አይዞሽ» ትላለች። ቅጠሉንም አገኘችው። አንዱ ፊልም ላይ ከዳቦ ቤቱ በስተጀርባ ጥግ ላይ ነበር።

የፒያሳዋ እህቴ፣ ያንቺን ጥያቄ ብዙ አሰብኩበት፤ ከዚያ እናቴን ጠየቅኳት። «ልጅቷ ሥራዋን ትታ እዚያው ስትቀር ምን ትያለሽ?» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። «ማን አለ ትቀራለች?» አለች። ለካ ያን ክፍል የሚናገሩት በቃል ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። እናቴ እስከዛሬ የምታየው ፊልም ሌላ ነው። በእሷ ፊልም ልጅቷ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ቤተሰብ ልትጠይቅ መጥታለች። ደግ ልጅ አገኘች። ፈቃዷ ሲያልቅ ተመልሳ ሥራዋ ትገባለች፤ እሱም ዕቃውን ሸክፎ ይከተላታል። «አናጺ አይደል? እንጨት የሌለበት አገር የለም» አለችኝ።

አላረምኳትም። የእሷው ይሻላል። ስክሪፕት የሚጽፉ ሰዎች ቢሰሟት እወዳለሁ። ሴቷን ከሥራዋ ሳያነሱ ፍቅሯን መስጠት ይቻላል፤ ልጁ አንዴ ቢንቀሳቀስ ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም። ያንቺ እናት የጸለየችው ጸሎት እዚያ ውስጥ ቦታ ይገባዋል። ስለ ተዋናዮቹ ያልሽውም እውነት ነው። እናቴ ጥቁር ሴት ዋና ሆና ስትመጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ትላለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ግልጽ ነው።

የወታደሩን ፊልም አየነው። አስታማሚዋ እህቴ፣ እጅሽን ሳምኩ። እናቴ አንዴም አላንቀላፋችም። ወታደሩ ካርዱን ከኪሱ ሲያወጣ «አልነገራትም እንዴ እስካሁን?» እያለች ተቁነጠነጠች። አባትየውን በጣም ወደደችው። «ይኼ ሰውዬ አውቋል፤ ዝም ያለው ልጁ ራሱ እንዲናገር ነው» አለች። እኔ ይኼን አላስተዋልኩም ነበር። ስለ ምርኩዙ ልጅ ስነግራት ደግሞ ዝም ብላ ቆየችና «ያለውን ሰጠ» አለች። የልዑሉን ለእሁድ አቆይተነዋል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እኛ የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ነው። የእነሱ ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ቻናሉ ላይ ገና ይቀጥላል? ጾሙ ሲፈታ፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ፣ ከእናቴ ጋር አንድ ፊልም ማየት እፈልጋለሁ። ቤቴ ገናን ከእሷ ጋር የማከብረው አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የዘንድሮው የመጀመሪያዬ ነው።

አስታማሚዋ (ሚኒሶታ)

ደስ ሲል! እማማ ስለ አባትየው ያሉትን ለሴትዮዬ ነግሬያቸው «ትክክል ናቸው» ብለውሻል።

ቻናሉን አትመኚው። የእነሱ ገና ካለፈ በኋላ እስከ አዲስ ዓመት ትንሽ ይቀጥላል። ጃንዋሪ ሲገባ ግን ወደ ሌላ ዓይነት የክረምት ፍቅር ፊልሞች ይዞራል፤ በረዶ አለ፣ ዛፉና መብራቱ የለም። ለታኅሣሥ 29 የምትፈልጊውን ፊልም ከአሁኑ ሪከርድ አድርገሽ አስቀምጪ። ኬብል ከሌለሽ ሆልማርክ ፕላስ የሚባል በክፍያ የሚታይ አፕ ከ2024 ጀምሮ አላቸው። እዚያ ላይ የቆዩት የገና ፊልሞች በማንኛውም ወር ይገኛሉ። ለአንድ ወር ብቻ ከፍለሽ ማቋረጥ ትችያለሽ።

ከቫንኩቨር

እኔም ልጨምር። ቻናሉ ሐምሌ ላይም የገና ፊልሞችን መልሶ ያሳያል። እማማ ያኔ ደብረ ብርሃን ይሆናሉ። ቪዲዮ ደውለሽ አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሰዓቱን ብቻ አስተካክሉ። እኛም ልክ በዚያው ሳምንት የሚቀጥለውን እየቀረጽን እንሆናለን። እማማን ኩባያው ውስጥ ውሃ እንደምሞላበት ንገሪልኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ቨርጂኒያ)

ነገርኳት። «ሞቅ ያለ ይሁን» ብላሃለች።